የገላ መታጠቢያ ቤት ውሃ አልወርድ ሲል

ቤትን የሚያስከብረው ምንጣፉ፣ ወንበሩና የግድግዳው ቀለም ብቻ አይደለም። እንግዳ በመጣ ጊዜ ባለቤቱን የሚያኰራው ወይም የሚያሳፍረው ብዙ ጊዜ ከዐይን የተሰወረው ነገር ነው። ከዚህም አንዱ የገላ መታጠቢያ ቤት የውሃ መውረጃ ነው። ውሃ በቧንቧ ወደ ቤቱ ሲገባለት ደስ የማይለው ሰው የለም፤ የገባው ውሃ ሁሉ ተመልሶ መውጣት እንዳለበት አስቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ መግቢያው በብዙ ገንዘብና በብዙ ጥንቃቄ ይሠራል፤ መውጫው ግን በመጨረሻ፣ ገንዘብም ትዕግሥትም ባለቀ ጊዜ፣ በችኰላ ይቀበራል።

ይህን የምጽፈው የቧንቧ ሥራ ዐዋቂ ሆኜ አይደለም። ፎንቆ በሚገኘው ቤቴ ይህ ነገር ደርሶብኝ፣ በመጀመሪያ በጉልበት፣ ቀጥሎም በመድኀኒት እገላገለዋለሁ ብዬ ስሳሳት፣ በቤታችን የምትረዳን ልጅ ከአደጋ ለጥቂት ስለ ተረፈች ነው። የእኔ ስሕተት ለሌላው ቤት ትምህርት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ልማዱ ሳይለወጥ ቤቱ ተለወጠ

ፎንቆ በሀዲያ ዞን የአና ሌሞ ወረዳ ከተማ ናት። እኔ ልጅ ሳለሁ በዚህ አገር ገላ የምንታጠበው በጓሮ፣ በእንሰቱ መካከል ነበር። እናታችን በእንሰቱ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አኑረው፣ በድስት ያሞቁትን ውሃ በቅል እየቀዱ ያጥቡን ነበር። የታጠብንበትም ውሃ ከነአረፋው ወደ አፈሩ ይገባል፤ እንሰቱም ይጠጣዋል። በዚያ ጊዜ የውሃ መውረጃ ተደፈነ የሚባል ነገር አልሰማንም፤ መውረጃው መሬቱ ራሱ ነበርና።

ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው በንግድ ሥራ እንደ ተሰማሩ የታወቀ ነው። እነርሱ ለወላጆቻቸው በሚልኩት ገንዘብ፣ እንዲሁም የአገር ቤቱ ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ በሚያጠራቅመው ገንዘብ፣ በሆሳዕናም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ትንንሽ ከተሞች መልካም መልካም ቤቶች ተሠርተዋል። በነዚህም ቤቶች ውስጥ ወለሉና ግድግዳው በሰድር የተለበጠ፣ ሻወር ያለው መታጠቢያ ቤት አለ። ነገር ግን የየቤቱን ፍሳሽ ተቀብሎ የሚወስድ የጋራ መሥመር በሌለበት ከተማ፣ እያንዳንዱ ባለቤት በግቢው ውስጥ ጕድጓድ ቈፍሮ ውሃውን ወደዚያ ይሰድዳል። ይህም የትንሽ ከተማ ችግር ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባ እንኳ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ የሚወስደው የፍሳሽ መሥመር ሁሉን ቤት አያዳርስም።

እንግዲህ ቤቱ ተለውጧል፤ የእኛ ልማድ ግን እንደ ነበረ ነው። ቅቤ በሀዲያ አገር የክብር ነገር ነው። ሴቶች ዊጆ በሚባለው ማኅበራቸው ቅቤ እያዋጡ ያጠራቅማሉ፤ በበዓል ቀን በአታካናው ላይ ይፈስሳል፤ ለጋው ደግሞ ለጠጕር ይሆናል። በከተማ ቤት የምትኖር ሴት ጠጕሯን ቅቤ መቀባቷን አልተወችም፤ ልትተወውም አይገባትም። የተለወጠው የምትታጠብበት ስፍራ ነው። ቅቤው ትናንት በእንሰቱ ሥር ይቀር ነበር፤ ዛሬ ግን ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ የፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ይገባል።

ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። የሻወሩ ሙቅ ውሃ 40 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን ቅቤውን አቅልጦ ይወስደዋል፤ የታጠበውም ሰው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን እንደ ሆሳዕና ዙሪያ ባለ ቀዝቃዛ አገር መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ብርድ ነው፤ ቅቤውም ጥቂት ሜትር ሄዶ ይረጋል። በዚህ ላይ ጠጕር ይጨመራል። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ጠጕር ከራሱ ይረግፍበታል፤ ስድስት ሰው ባለበት ቤት ይህ በወር ከ9,000 እስከ 18,000 ጠጕር ማለት ነው። ሁሉም ወደ ቧንቧው ባይገባም ከፊሉ መግባቱ አይቀርም። ሳሙናም ራሱ ከስብ የሚሠራ ነገር ስለ ሆነ፣ በውሃው ውስጥ ካለው የኖራ ባሕርይ ጋር ሲገናኝ እንደ አይብ ይረጋል። ገላ የሚታሽበት ቃጫም ክሩ እየተመዘዘ ይወርዳል። ጠጕሩና ቃጫው እንደ ጭድ፣ ቅቤውና ሳሙናው እንደ ጭቃ ሆነው በቧንቧው ውስጥ ግድግዳ ይሠራሉ ማለት ነው።

ሦስቱ ስሕተቶቼ

ነገሩ የደረሰው በመስከረም ወር፣ ያሆዴ ሊከበር ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። ያሆዴ የሀዲያ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ስለ ሆነ፣ በዚያ ሳምንት በያለበት የተበተነው ዘመድ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልጆቻችን ከአዲስ አበባ መጡ፤ የባለቤቴም እኅቶች ከነልጆቻቸው መጡ። ሦስተኛው ሰው ታጥቦ ሳይጨርስ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል በውሃ ተሞላ። ውሃውም ግራጫ ሆኖ፣ አረፋ አዝሎ፣ ከደጃፉ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ጉልበት ነበር። ወንፊቱን አንሥቼ ረዥም ዘንግ ከተትሁ፤ በኀይልም ገፋሁት። ዘንጉ ከመታጠፊያው ደርሶ ተሰበረና ስባሪው ከዚያው ቀረ። ስለዚህ ከጠጕሩና ከቅቤው ላይ እንጨት ጨመርሁበት ማለት ነው። ስባሪውን ለማውጣት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ሁለተኛው ስሕተቴ የፈላ ውሃ ነበር። ባለቤቴ ትልቅ ብረት ድስት ጥዳ ያፈላችውን ውሃ ገለበጥንበት። ውሃው ሲወርድ ባየን ጊዜ ሁላችንም ደስ አለን፤ በማግሥቱ ግን ከፊተኛው ብሶ ቆመ። የሆነውን የተረዳሁት ኋላ ነው። የፈላው ውሃ ቅቤውን አላጠፋውም፤ አቅልጦ ወደ ፊት ወሰደው እንጂ። እጅ ሊደርስበት ከሚችለው ስፍራ ነቅሎ፣ እጅ ከማይደርስበት ስፍራ አረጋው። ከዚህም ሌላ የፕላስቲክ ቧንቧ የፈላ ውሃ አይወድም፤ ይለሰልሳል፣ ይጐብጣል፣ መጋጠሚያውም ይላቀቃል።

ሦስተኛው ስሕተቴ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ወደ ሆሳዕና ወርጄ ሰድር የሚጸዳበት ብርቱ አሲድ ገዝቼ መጣሁ። ልጅቱንም፦ «ይህን አፍስሽበት» ብዬ አዘዝኋትና እኔ ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጥሁ። እርሷ ግን ጠዋት ሽታውን ለማጥፋት ብላ በረኪና አፍስሳበት ኖሯል። አሲድና በረኪና ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ አየር ይወጣል። ይህ አየር በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915፣ በቤልጅግ አገር በኢፕር ከተማ አጠገብ ጀርመኖች በጠላቶቻቸው ላይ የለቀቁት ነው። በ1928 ዓ.ም. በአባቶቻችን ላይ ከአውሮፕላን የዘነበው መርዝ ዓይነቱ ሌላ ቢሆንም፣ የመርዝ ጢስ ምን እንደ ሆነ ለኢትዮጵያ ሰው መንገር አያሻም። ያንኑ ነገር እኔ ባለማወቅ በገዛ ቤቴ፣ መስኮቱ በጠበበ ክፍል ውስጥ፣ በሰው ልጅ ላይ አስነሣሁት።

የሳሏን ድምፅ ሰምታ የሮጠች ባለቤቴ ናት። ልጅቱን ደግፋ ወደ ደጅ አወጣቻት፤ በንጹሕ አየር አስቀምጣ ዐይኗን በብዙ ውሃ አጠበችላት፤ በሩንም ከፍታ ሰው ሁሉ ከዚያ እንዲርቅ አደረገች። ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ሲታዩላት ውለው ማታ በደኅና ተመለሰች። እርሷ፦ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ በረኪናውን ሳልነግርዎት» አለችኝ። ጥፋቱ ግን የእርሷ አልነበረም። የማያውቀውን ነገር ገዝቶ፣ በላዩ የተጻፈውን ሳያነብ፣ ራሱ ሊይዘው ያልወደደውን ለሌላ ሰው እጅ የሰጠ እኔ ነኝ። ይህንንም በእንግዶቹ ፊት ነገርኋት።

ሽማግሌው የጠየቁን ነገር

በማግሥቱ በቧንቧ ሥራ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ተጠርተው መጡ። እኔ መሣሪያቸውን አውጥተው ሥራ ይጀምራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እርሳቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠይቁን ጀመር።

«የቆመው የሻወሩ ብቻ ነው ወይስ የእጅ መታጠቢያውም ጭምር?» አሉ።

«የእጅ መታጠቢያውም ቀስ ይላል፤ ውሃውን ስንለቅቀው በሻወሩ ወለል ላይ ብቅ ይላል» አለች ባለቤቴ።

«ሽንት ቤቱስ?»

«እርሱ ደኅና ነው፤ ይወስዳል።»

«ዝናብ ሲዘንብ ይብስበታልን?»

«የለም፤ ዝናብ አይለየውም።»

«እንግዲያስ ጕድጓዱ አይደለም» አሉና ተነሡ። በቤቱ ግድግዳ አጠገብ ያለውን የፖዜቶውን ክዳን አስነሡ። ፖዜቶ ማለት የየክፍሉ ቧንቧ ከቤት ወጥቶ የሚገናኝበት፣ ክዳን ያለው ትንሽ የሲሚንቶ ሣጥን ነው። ውስጡ ደረቅ ነበር። በቤት ውስጥ ውሃ ሞልቶ፣ በውጭ ያለው ሣጥን ደረቅ ከሆነ፣ ድፍኑ በሁለቱ መካከል መሆኑ ግልጥ ነው። እኛ ሦስት ቀን ሙሉ ስንታገል ይህን ክዳን ለማንሣት ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

«ልጄ፣ በሽታው ያለበትን ሳያውቁ መድኀኒት መስጠት ሐኪሙንም በሽተኛውንም ያደክማል» አሉኝ።

ይህን የሽማግሌውን አመርማሪነት ማንኛውም ባለቤት ሊማረው የሚገባ ስለ ሆነ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። ሻወሩ ብቻ ቆሞ ሌላው ሁሉ የሚወርድ ከሆነ፣ ድፍኑ ቅርብ ነው፤ ከወንፊቱ ሥር ወይም በሲፎኑ ውስጥ ይገኛል። ሻወሩና የእጅ መታጠቢያው አብረው ከቆሙ፣ ሁለቱ ቧንቧዎች ከተጋጠሙበት ወዲያ ነው። ሽንት ቤቱም ጭምር እየተንቦጫቦጨ የሚመልስ ከሆነና ፖዜቶውም ሞልቶ ከተገኘ፣ ነገሩ የቧንቧው ሳይሆን የጕድጓዱ ወይም ወደ ጕድጓዱ የሚወስደው መሥመር ነው። በዚህ ጊዜ በመታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚደረገው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው ፈጣን ሆነ። ሽማግሌው አሲድ ፈስሶበት እንደ ነበረ አስቀድመን ስለ ነገርናቸው፣ የላስቲክ ጓንት አጥልቀው፣ መስኮቱን አስከፍተው፣ የቆመውን ውሃ ቀድተው አወጡ። ወንፊቱን አንሥተው ጫፉ በቈለፈ ሽቦ ጠጕሩን ጐተቱ፤ የወጣውም አንድ እፍኝ የሚሞላ ነበር። ቀጥለውም በፖዜቶው በኩል ሆነው ጥቅልሉን የብረት ሽቦ እያዞሩ ወደ ኋላ ሰደዱት። አራት ሜትር ያህል እንደ ገባ ሽቦው ቆመ። አልገፉትም፤ እያዞሩ ጥቂት በጥቂት ሰረሰሩት። ድንገት ውሃው ጮኾ ወረደ፤ በፖዜቶው ላይ ያኖሩት ወንፊትም አንድ ስንዝር የሚያህል፣ እንደ ጧፍ የጠነከረ፣ ከውስጡ ጠጕርና የቃጫ ክር የታየበት ነገር ያዘ። ቅቤ ነበር።

ባለቤቴ አይታ፦ «ይህ የስንት በዓል ቅቤ ይሆን?» አለች።

ሽማግሌውም፦ «ቧንቧ አይታመምም፤ ያበሉትን ነው የሚናገረው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሙቅ፣ ነገር ግን ያልፈላ ውሃ በፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ደጋግመው ለቀቁበት። የሚወርደውንም ስብ ወደ ጕድጓዱ እንዳይገባ ከፖዜቶው በባልዲ ቀድተው አወጡ። በመጨረሻ በውሃ ልክ ሲለኩት ስሕተቱ የቅቤው ብቻ አለመሆኑ ታወቀ። የዚህ ዓይነት ቧንቧ ለእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መውረድ ሲገባው፣ የእኛው በአምስት ሜትር ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይወርድ ነበር፤ 10 ሳንቲ ሜትር በሚያሻው ስፍራ ማለት ነው። ውሃው እየተንፏቀቀ ስለሚሄድ ቅቤው ለመርጋት ጊዜ ያገኛል። ከበዓሉ በኋላ ወለሉን አስፈንቅዬ ቧንቧውን በትክክለኛው ቍልቍለት አስቀበርሁት። ቤት የሚያሠራ ሰው ሰድሩ ከመነጠፉ በፊት ይህን አንድ ነገር ራሱ ቆሞ ቢያስለካ፣ ብዙ ወጪና ብዙ ውርደት ይድናል።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም

ስብ በቧንቧ ውስጥ መርጋቱ የሠለጠኑትንም አገሮች አስቸግሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1858፣ የሎንዶን ከተማ ፍሳሽ ሁሉ ወደ ቴምዝ ወንዝ ይወርድ ስለ ነበረ፣ በበጋው ሙቀት ሽታው የአገሪቱን ምክር ቤት እስከ ማስጨነቅ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ጆሴፍ ባዛልጌት የተባለው መሐንዲስ በምድር ውስጥ ታላላቅ የፍሳሽ መሥመሮችን ሠራ። ነገር ግን በዚያው ከተማ በ2017፣ ኋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር፣ ርዝመቱ 250 ሜትር፣ ክብደቱም 130 ቶን ያህል የሆነ የረጋ ስብ መሥመሩን ደፍኖ ተገኘ። ሠራተኞች ብዙ ሳምንት ደክመው ሲያወጡት፣ ቍራጩን የከተማው ቤተ መዘክር ወስዶ ለሕዝብ አሳየው። እንግዲህ ባለቤቴ በወንፊት የያዘችው የዚያ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ነው።

በወንፊቱ ሥር ስላለው ስለ ሲፎኑም ጥቂት ማወቅ ይገባል። ሲፎን ማለት የታጠፈ ቧንቧ ነው፤ በመታጠፊያው ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ስለሚቀር፣ ያ ውሃ የጕድጓዱን ሽታ ከቤት ያግዳል። ይህን ዘዴ በ1775 ሎንዶን ውስጥ በስሙ ያስመዘገበው አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ሲሆን፣ የዘወትር ሥራውም ሰዓት መሥራት ነበር። አንዳንድ ሰው ሲፎኑ ጠጕር እየያዘ አስቸገረኝ ብሎ ያስነቅለዋል፤ በዚያው ቀን ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ለብዙ ሳምንት በመንግሥት ሥራ ከቤት የሚርቅ ሰውም ተመልሶ ሲገባ ሽታ ቢያገኘው አይደንግጥ፤ ውሃው ስለ ደረቀ ነውና አንድ ባልዲ ውሃ ማፍሰስ ይበቃዋል።

ሊደረግ የሚገባውና የማይገባው

ሽማግሌው ከነገሩን፣ እኛም ከዚያ ወዲህ በቤታችን ከሠራንበት የሚከተለውን ለአንባቢዎች አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ቅቤ የተቀባ ጠጕር ከመታጠቡ በፊት በአሮጌ ጨርቅ ወይም በወረቀት ይጠረግ። የመጀመሪያው እጥበትም በሳፋ ሆኖ ውሃው በጓሮ በእንሰቱ ወይም በዛፉ ሥር ይፍሰስ። ይህ እናቶቻችን ያወቁት ነገር ነው፤ በአዲስ ቤት ውስጥ ቢሠራበት የሚያሳፍር አይደለም።

ሁለተኛ፤ በመውረጃው አፍ ላይ ቀዳዳው የጠበበ ወንፊት ይኑር፤ በእርሱም ላይ የተጠራቀመው ጠጕር በየቀኑ ይነሣ። የተነሣውም ወደ ቆሻሻ መጣያ እንጂ ወደ ሽንት ቤት አይጣል።

ሦስተኛ፤ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ከሳሙና ጋር በአንድ ጊዜ ይገልበጥበት። በአንድ ጊዜ የሚወርድ ብዙ ውሃ፣ ቀኑን ሙሉ ከሚንጠባጠብ ውሃ ይልቅ ያጠራዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሰው በቅል ለክቶ ስለሚታጠብ ቧንቧው የሚጠርገው ውሃ አያገኝም፤ ስለዚህ ይህን ማድረግ በዚያ ይልቁን ያስፈልጋል።

አራተኛ፤ ውሃው ቀስ ማለት በጀመረ ጊዜ፣ ሳይቆም፣ ወንፊቱ ተነሥቶ በቈላፋ ሽቦ ይጐተት። በእንጨት እጀታ ላይ የተተከለው የጎማ ጽዋም ይረዳል፤ ነገር ግን የእጅ መታጠቢያው ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ካልተወተፈ ግፊቱ ሁሉ በዚያ በኩል ያመልጣል። ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ መቀላቀልን የሚመክሩ አሉ፤ አረፋው ዐይንን ደስ ያሰኛል እንጂ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ስለሚሻሩ ጠጕርን አይፈቱም።

አምስተኛ፤ ኮስቲክ ሶዳና ብርቱ አሲድ በሰው ቤት ውስጥ የሚቀለድባቸው አይደሉም። ኮስቲክ ሶዳ ጠጕርንና ስብን መፍታቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በውሃ ሲገናኝ በብርቱ ይግላል፤ ተፈናጥሮም ዐይን ያጠፋል። ድፍኑ ካልተከፈተ ደግሞ መርዙ ከነውሃው ቆሞ የሚቀጥለውን ሠራተኛ ይጠብቃል። አሲድን ከበረኪና ጋር ፈጽሞ ማገናኘት አይገባም። በዐይን ወይም በገላ ላይ የተረጨበት ሰው ቢኖር፣ ከ15 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ በሚፈስስ ንጹሕ ውሃ ይታጠብና ወደ ሐኪም ይወሰድ። የዋጠም ቢኖር አታስመልሱት፤ የወረደበትን ጕረሮ ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥለዋልና። ዕቃው በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተገልብጦ አይቀመጥ፤ ሕፃን ሊጠጣው ይችላል።

ስድስተኛ፤ ነገሩ የጕድጓዱ ሆኖ ከተገኘ፣ ማንም ሰው ወደ ጕድጓዱ አይውረድ፤ ሠራተኛም አይታዘዝ። ከፍሳሽ ጕድጓድ የሚወጣው አየር በጥቂቱ እንደ በሰበሰ እንቍላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሰውየው ሽታው የጠፋ መስሎት ሳለ ይወድቃል። ሊያወጣው የገባውም ሁለተኛው ሰው በላዩ ይወድቃል። የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ማስጠራት ነው መፍትሔው። ወደ ጕድጓዱ የሚወርደው ስብ የዙሪያውን አፈር እየለሰነ ውሃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል፤ አፈሩ ሸክላማ በሆነበት ስፍራ ይህ ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ በወንፊት የሚያዝ እያንዳንዱ እፍኝ ስብ የጕድጓዱን ዕድሜ ያስረዝማል። በግቢ ውስጥ የሚንጣለል ቆሻሻ ውሃም የትንኝ መራቢያ መሆኑን መርሳት አይገባም።

እነሆ፣ ነገሩ ሁሉ ሲታይ ትንሽ ነው፤ አንድ እፍኝ ጠጕርና አንድ ስንዝር ቅቤ። ነገር ግን ትንሹን ነገር በጊዜው የሚያየው ሲጠፋ፣ ሸክሙ በመጨረሻ የሚወርደው በቤቱ ውስጥ ከሁሉ አቅም በሌለው ሰው ላይ ነው። ጌታው ያዝዛል፣ እመቤቲቱ ትቸኵላለች፣ አሲዱን ይዛ የምትጐነበሰው ግን የሰው ልጅ ናት። አገራችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የምትለው ለእሳት ብቻ አይደለም። የቤቱ ጌታ የፖዜቶውን ክዳን የት እንዳለ ይወቅ፤ ወንፊቱን አንሥቶ ማጽዳትንም እንደ ውርደት አይቍጠረው።

ያን ዓመት በያሆዴ ዋዜማ፣ የእኅቶቹ ጠጕር በጨርቅ ተጠርጎ፣ በጓሮ በሳፋ ከታጠበ በኋላ፣ እንግዶቻችን ሁሉ በየተራቸው በሻወሩ ታጠቡ። ከሁሉ አስቀድመን ያስገባነው ያችን ልጅ ነበር። ውሃውም ሳይቆም ወረደ።